ለልጅ የተጠየቀ የጉብኝት ቪዛ በተከለከለ ጊዜ ስለሚባለው ይግባኝ

የትምህርት ቤት መዝጊያ በተቃረበ ቁጥር ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከጎፋ እስከ ለቡ ባሉት የንግድ ቤቶች ውስጥ ከሸቀጥ ዋጋ ወሬ ጋራ አብሮ የሚሰማ ሌላ ወሬ አለ። ይኸውም በውጭ አገር የሚኖር አባት፣ እናት ወይም አያት ልጁ ለክረምቱ መጥቶ እንዲጠይቀው ፈልጎ፣ ማመልከቻው ተጽፎ፣ የአገልግሎቱ ገንዘብ ተከፍሎ፣ መልሱ ግን «አልተፈቀደም» የሚል ሆኖ የመጣበት ቤተ ሰብ ነገር ነው። ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፈው ከጥንቱ ጣቢያ ነው፤ የዛሬውም የክልከላ ወሬ ወደ ሰፈሩ የሚደርሰው ያለ ሽቦ ነው። በእጅ ስልክ ላይ አጭር መልእክት ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ፓስፖርቱ በታሸገ ፖስታ ይመለሳል።

በዚህ ጊዜ ከቤተ ሰቡ አፍ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «ይግባኝ እንላለን» የሚል ነው። ቃሉ በአገራችን ፍርድ ቤት የታወቀና የተከበረ ነው፤ ከበታች ዳኛ ወደ በላይ ዳኛ፣ ከዚያም እስከ ሰበር ድረስ መሄድን የማያውቅ የለም። ስለ ቪዛ ሲሆን ግን በዚህ አንድ ቃል የሚጠሩት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን ከሌላው ሳይለዩ መነሣት ብዙ ገንዘብና፣ ከገንዘቡም ይልቅ የማይመለስ ቀን ያስጠፋል። አንደኛው፣ ውሳኔውን እንደ ገና መርምሮ ሊለውጥ ለሚችል ባለሥልጣን ወይም ፍርድ ቤት የሚቀርብ እውነተኛ ይግባኝ ነው። ሁለተኛው፣ ፍርድ ቤት ቪዛውን ራሱ ሳይሰጥ፣ ባለሥልጣኑ ሕጉን ጠብቆ መወሰን አለመወሰኑን ብቻ የሚያይበት አቤቱታ ነው። ሦስተኛው ጭራሽ ይግባኝ ሳይሆን፣ የጎደለውን አሟልቶ አዲስ ማመልከቻ ማስገባት ነው። ከሦስቱ በሮች የትኛው ክፍት እንደ ሆነ የሚወስነው የአመልካቹ ብሶት ሳይሆን ቪዛው የተጠየቀበት አገር ሕግ ነው።

ጉዳዩ በንግድ ጋዜጣ ላይ መነሣቱ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን የልጁን ማመልከቻ የሚያቆሙት ወይም የሚጥሉት ወረቀቶች አብዛኞቹ የነጋዴው ወረቀቶች ናቸው፤ የንግድ ፈቃዱ፣ የግብር ክሊራንሱ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫው። ልጅ የራሱ ደመወዝ ወይም ሱቅ የለውም፤ ይመለሳል ብሎ የሚመሰክርለት የወላጁ ኑሮ ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይወሰድ። በጎፋ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ የምትሸጥ እናት ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ አላት እንበል። አባቱ በውጭ አገር ሠራተኛ ነው፤ ልጁን ካየው አራት ዓመት ሆኖታል። እናቲቱ ሱቁን ዘግታ መሄድ ስለማትችል፣ ልጁ ከአክስቱ ጋራ ሄዶ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ለመስከረም እንዲመለስ ታሰበ። መልሱ በአንድ ገጽ የመጣ ሲሆን ሦስት ነገር ይላል፤ ጋባዡና ልጁ አባትና ልጅ መሆናቸው በበቂ አልተረጋገጠም፤ በእናቲቱ ሒሳብ የታየው ገንዘብ ከየት እንደ መጣ አልታወቀም፤ ልጁ የተፈቀደለት ጊዜ ሲያልቅ ከዚያ አገር ስለ መውጣቱ አጠራጥሯል።

እናት ይህን ስታነብ «ልጅሽ የአባቱ አይደለም፤ ገንዘብሽ የሰው ነው፤ አንቺም ዋሽተሻል» የተባለች ያህል ይሰማታል። ቁጣዋ የተፈጥሮ ነው፤ ይሁን እንጂ በዚያ ቁጣ የተጻፈ ይግባኝ ሚዛን አይደፋም። ደብዳቤው የሚለው «አይደለም» ሳይሆን «በወረቀት አልታየኝም» ነው። የቪዛ ሹም ጎፋን አያውቅም፤ ሱቋን፣ ደንበኞቿን፣ ልጁ በየጠዋቱ የሚሄድበትን ትምህርት ቤት አላየም። የሚያየው በፊቱ የተዘረጋውን ወረቀት ነው። ነጋዴ ይህን ለመረዳት አይቸግረውም፤ ከባንክ ብድር ሲጠይቅ የሚገጥመው ይኸው ነውና።

የመጀመሪያው ሥራ እንግዲህ ደብዳቤውን ቃል በቃል ማስተርጐምና ሦስት ነገር ከላዩ ላይ መፈለግ ነው፤ ውሳኔው የተሰጠበትንና እጅ የገባበትን ቀን፣ የክልከላውን ምክንያት፣ በግርጌው ወይም በጀርባው ስለ ይግባኝ የተጻፈውን ቃል። ፖስታውም ሆነ የስልኩ መልእክት አይጣል፤ በብዙ አገር ቀኑ የሚቆጠረው ውሳኔው ለአመልካቹ ከደረሰበት ዕለት ጀምሮ ነውና። በዚህ መካከል የሚውለው የአገራችን በዓል ቆጠራውን አያቆመውም። የይግባኝ ቀን በብዙ ቤት የሚያልፈው ወረቀቱ ከጠረጴዛ ላይ ሆኖ «ሰው እናማክር» ሲባል ነው።

ከሸንገን አገሮች ከአንዱ ቪዛ ለጠየቀ ሰው ሕጉ ይግባኝን በግልጽ ይፈቅድለታል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ደንብ፣ ቁጥር 810፣ በ32ኛው አንቀጽ፣ የተከለከለው ሰው ምክንያቱ በተወሰነው ቅጽ ተጽፎ እንዲሰጠውና ይግባኝ የማለት መብት እንዲኖረው ይደነግጋል። ይግባኙም የሚቀርበው የመጨረሻውን ውሳኔ በሰጠው አገር ላይ፣ በዚያው አገር ሕግ መሠረት ነው። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2013 ኩሽካኪ በተባለው ጉዳይ፣ ቆንስላ በደንቡ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች ውጭ ቪዛ ሊከለክል እንደማይችል ፈረደ፤ በዚያው ፍርድ ግን ማስረጃን በመመዘን ረገድ ለቆንስላው ሰፊ ሥልጣን ትቶለታል። በ2017 ደግሞ ኤል ሐሳኒ በተባለው ጉዳይ፣ ይግባኙ በመጨረሻው ደረጃ በፍርድ ቤት ሊታይ የሚችል መሆን እንዳለበት ወሰነ።

ሆኖም «በዚያው አገር ሕግ መሠረት» የምትለው አጭር ሐረግ ብዙ ልዩነት ደብቃለች። ስዊድን ውሳኔው ከደረሰበት ቀን አንሥቶ ሦስት ሳምንት ትሰጣለች። በጀርመን በኩል ቀድሞ ለኤምባሲው ለራሱ «እንደ ገና ይታይልኝ» ተብሎ ያለ ክፍያ የሚጻፍ ደብዳቤ ነበር፤ ይህ ሥርዓት ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በዓለም ሁሉ ቀርቷል፤ የቀረው በአንድ ወር ውስጥ በበርሊን የአስተዳደር ፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ፣ ወይም እንደ ገና ማመልከት ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት በዚያ ደብዳቤ የተሳካለት ጎረቤት የሚሰጠው ምክር እንግዲህ ከልቡ ቢሆንም ጊዜው አልፎበታል። ፈረንሳይ በ30 ቀን ውስጥ በናንት ከተማ ላለው የቪዛ ባለሥልጣን አቤቱታ እንዲቀርብ ትጠይቃለች፤ ያ ሳይደረግ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ አይቻልም። በኢጣልያ ላይ የሚቀርበው ክስ በ60 ቀን ውስጥ ሮም ላይ ለሚያስችለው ለላትሲዮ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ነው።

የፍርድ ቤት ነገር ወራት ይፈጃል፤ ክረምቱ ግን ሁለት ወር ነው። ጉብኝቱ ለሠርግ ወይም ለታመመ ሰው ከሆነ፣ ይግባኙ ቢረታ እንኳ ቀኑ አልፎ ይገኛል። ስለዚህ የጎደለው ነገር አንድ ወረቀት ብቻ ከሆነ አዲስ ማመልከቻ ይሻላል፤ ደንቡ ራሱ በ21ኛው አንቀጽ፣ ቀደም ሲል መከልከል አዲሱን ማመልከቻ በራሱ አያስጥለውም ይላልና። ይግባኙ የሚበልጠው በሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው፣ ሹሙ በደረሰኝ ተቈጥሮ የገባለትን ወረቀት አልቀረበም ብሎ እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛውና ከባዱ፣ ሰነዱ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ሐሰተኛ ነው ተብሎ እንደ ሆነ ነው። እንዲህ ያለው ቃል በልጁ ስም መዝገብ ላይ ሳይታረም መተው የለበትም፤ ልጁ አድጎ ለትምህርት ሲያመለክት ተከትሎት ይመጣል።

ኢትዮጵያውያንን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር እዚህ ላይ መታወቅ ይኖርበታል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 29 ቀን 2024፣ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ የተወሰነባቸውን ሰዎች በመቀበል ረገድ በቂ ትብብር አልተደረገም በማለት፣ በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ አንዳንዶቹን የደንቡን ድንጋጌዎች አገደ። በዚህም መሠረት መደበኛው የመልስ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተዛወረ፤ ለብዙ ጊዜ መግቢያ የሚሆን ቪዛ መስጠት ቀረ፤ ከማስረጃ ወረቀቶች አንዳንዱን በቸርነት ማለፍም ቀረ። ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ በሁለቱ ወገኖች ክርክር ውስጥ እጁ የለበትም፤ ነገር ግን ውሳኔው እስካልተነሣ ድረስ 45 ቀኑ በእርሱም ላይ ይቈጠራል። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማስገባት ስለሚቻል፣ ለሐምሌ ጉዞ በግንቦት መጨረሻ መሯሯጥ አያስፈልግም፤ ከተከለከለም በኋላ ለሁለተኛ ሙከራ ቀን የሚተርፈው ለዚህ ቀድሞ ለተነሣ ሰው ነው። ዋጋው ከጁን 11 ቀን 2024 ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከስድስት ዓመት ጀምሮ 12 ዓመት ላልሞላው ልጅ 45 ዩሮ ሲሆን፣ ከስድስት ዓመት በታች ያለው አይከፍልም።

እንግሊዝ ቀድሞ ዘመዱን ለሚጠይቅ እንግዳ ሙሉ ይግባኝ ትፈቅድ ነበር፤ ያ መብት ከጁን 25 ቀን 2013 ጀምሮ ተነሥቷል። የቀረው ጠባብ መንገድ ነው። በ2015 የላይኛው የኢሚግሬሽን ችሎት ሙስጠፋ በተባለው ጉዳይ ላይ፣ የጉብኝት ቪዛ ክልከላ የቤተ ሰብ ኑሮን መብት ሊነካ የሚችለው በተግባር በባልና በሚስት ወይም በወላጅና ለአካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ መካከል እንደ ሆነ፣ ይህም ቢሆን ጉብኝቱ እንዲያው ለፍላጎት ያህል የታሰበ ሲሆን እንደማይጸና ገለጸ። አጎቱን ሊጠይቅ ያሰበ ልጅና አራት ዓመት ያላየውን አባቱን ሊጠይቅ ያሰበ ልጅ እንግዲህ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ሌላው መንገድ የውሳኔውን ሕጋዊነት በፍርድ ቤት ማስመርመር ነው፤ ክሱ ሳይዘገይ፣ ቢበዛ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ከክሱም በፊት ለመሥሪያ ቤቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጽፎ ብዙውን ጊዜ 14 ቀን ይጠበቃል። አንዳንድ ጊዜ ጉዳዩ በዚሁ ደብዳቤ ብቻ እንደ ገና ይታያል። የጠበቃው ዋጋ ግን ከአዲስ ማመልከቻ ዋጋ ጋራ አይወዳደርም።

ስለ አሜሪካ ብዙ መጻፍ አያሻም፤ ለጉብኝት ቪዛ ክልከላ ይግባኝ የለም። በ214 ቢ የተከለከለ ሰው እንደ ገና 185 ዶላር ከፍሎ ያመለክታል፤ የመጀመሪያው ገንዘብ አይመለስም። ፍርድ ቤቶቹም የቆንስላን ውሳኔ አይመረምሩም በሚለው በቆየው ሥርዓታቸው ጸንተዋል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 ሙኞስ በተባለው ጉዳይ ይህንኑ አጽንቷል። ከዚህ የሚለየው 221 ጂ የሚል ወረቀት የተሰጠው ሰው ነው፤ ይህ ብዙውን ጊዜ የሚጎድል ሰነድ እስኪመጣ ወይም ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ማቆያ እንጂ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ተከለከልኩ ብሎ ወረቀቱን ጥሎ አዲስ የሚከፍል ሰው በከንቱ ይከፍላል።

የካናዳ ኤምባሲ በዚሁ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በአሮጌው ኤርፖርት አካባቢ ነው። ቅርብ በመሆኑ ግን አይታለሉ፤ አቤቱታ ይዞ ከበር መቆም ዋጋ የለውም። የካናዳ ሕግ የሚያውቀው መንገድ ከአገሩ ውጭ ለተሰጠ ውሳኔ በ60 ቀን ውስጥ ለፌዴራል ፍርድ ቤት የሚቀርበውን የፈቃድና የምርመራ ጥያቄ ነው። ፍርድ ቤቱ ቪዛ አይሰጥም፤ ውሳኔው ምክንያታዊ ሆኖ ካላገኘው ጉዳዩን በሌላ ሹም እንደ ገና እንዲታይ ይመልሰዋል።

ከይግባኙም ሆነ ከአዲሱ ማመልከቻ በፊት ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ አለ፤ ይህ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። የኢትዮጵያዊ ልጅ ወረቀት ለውጭ አገር ሹም የሚያስቸግርበት ምክንያት በአብዛኛው ከስምና ከቀን ይመጣል። በአገራችን ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፤ ሚስት በባሏ ስም አትጠራም። ስለዚህ እናትና ልጅ በሁለት የተለያዩ «የቤተ ሰብ ስሞች» ተመዝግበው ይታያሉ፤ አባትና ልጅም ቢሆኑ፣ የልጁ የአባት ስም የአባትየው የራሱ መጠሪያ ስለ ሆነ፣ ሥርዓቱን ለማያውቅ ሰው ዝምድናቸው አይገለጥለትም። ይህን በሦስት መስመር የሚያስረዳ አባሪ ከማመልከቻው ጋራ ቢያያዝ ወጪ የለውም። የላቲኑም ፊደል ራሱን የቻለ ችግር ነው፤ ፀሐይ የሚለው ስም በልደት ምስክር ወረቀቱ ትርጉም አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ሌላ ዓይነት፣ በአባትየው የመኖሪያ ፈቃድ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ተርጓሚው የፓስፖርቱን አጻጻፍ እንዲከተል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

የቀኑ ስሕተት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ልጁ የተወለደው ጥር 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው እንበል፤ ይህ በፈረንጆች ጃንዩወሪ 13 ቀን 2017 ነው። ቅጹን የሞላው ሰው ቸኩሎ 5/5/2009 ብሎ ከጻፈ፣ ሹሙ ሜይ 5 ቀን 2009 ብሎ ያነበዋል፤ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ሕፃን በአንድ ወረቀት ላይ የ17 ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ቁጭ ይላል። ከዚህ በኋላ «ሐሰተኛ መረጃ» የሚል ቃል ቢመጣ ሹሙ ብቻውን አይወቀስም።

የልደት ምስክር ወረቀቱ ከወረዳው የወጣ፣ የሁለቱንም ወላጆች ስም የያዘና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተረጋገጠ ሊሆን ይገባል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በዐዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በአገሪቱ ሁሉ ሥራው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ ወረቀት ከልደቱ ብዙ ዓመት ዘግይቶ የወጣ ይሆናል፤ ሹም ይህን ሲያይ ይጠራጠራል። የክትባት ካርድ፣ የሆስፒታል ወረቀት፣ የመጀመሪያ ክፍል ምዝገባ፣ አባትየው በየጊዜው ለልጁ የላከው ገንዘብ ደረሰኝ፣ አብረው የተነሡት ፎቶግራፍ በዚህ ጊዜ ይረዳሉ።

ስለ ፈቃድ ደግሞ የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፣ ዐዋጅ ቁጥር 213/1992፣ 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል፤ አባትና እናትም በጋራ የልጃቸው አሳዳሪና ሞግዚት ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ብቻውን የሰጠው ስምምነት ስለዚህ ጥያቄ ያስነሣል። እናቲቱ ፈቃዷን በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ፊት ትፈርማለች፤ አባትየው ባለበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ፊት ይፈርማል፤ ያም እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። አንደኛው ወላጅ የሞተ እንደ ሆነ የሞት ምስክር ወረቀቱ፣ የት እንዳለ ያልታወቀ እንደ ሆነ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ላይ ማን ይዞት እንደሚሄድ፣ ማን ቤት እንደሚያርፍ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ማን እንደሚመልሰው ይጻፍ። የእንግሊዝ የጎብኚ ደንብ ለልጅ የጉዞ፣ የአቀባበልና የእንክብካቤ ዝግጅት መኖሩን በግልጽ ይጠይቃል፤ «አባቱ ይቀበለዋል» የሚል አንድ መስመር አይበቃም። አባትየው ቀን ሥራ ላይ ሲሆን ልጁ ከማን ጋራ ይውላል? ሹም የሚጠይቀው ይህን ነው፤ እናትም ብትሆን ይህንኑ ትጠይቃለች።

አሁን ወደ ነጋዴው ሒሳብ መመለስ ይገባል። ማመልከቻው ከመግባቱ አንድ ሳምንት በፊት በሒሳቡ ውስጥ ድንገት የገባ ከፍ ያለ ገንዘብ ብዙ ቤተ ሰብ አስከልክሏል። ገንዘቡ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ የዕቁብ ዕጣ ደርሶ፣ ወይም የዱቤ ዕዳ ተከፍሎ ይሆናል። የውጭ አገር ሹም ዕቁብን አያውቅም፤ ስለዚህ የዕቁቡ ዳኛ የፈረመበት ደብዳቤና የመዋጮው መዝገብ ግልባጭ ከትርጉሙ ጋራ ይያያዝ፤ የዱቤው ነገር ከሆነ የሽያጭ ደረሰኙ ይቅረብ። የሱቁን ሒሳብ ከቤት ሒሳብ ለይቶ ያልያዘ ነጋዴ ግን ችግሩን በአንድ ደብዳቤ አይወጣውም። እንዲሁም ለግብር ያስታወቀው ገቢ ትንሽ፣ በባንክ የሚያሳየው ገንዘብ ብዙ የሆነ ነጋዴ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲያቀርብ በራሱ ላይ መስክሮ ይሄዳል። ለዚህ የሚሆን የይግባኝ ጽሑፍ የለም።

ልጁ ይመለሳል ለማለት ደግሞ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ፣ የሚቀጥለው ዓመት ክፍያ ደረሰኝ፣ የመክፈቻው ቀን፣ እዚህ የሚቀሩት ታናናሾቹ፣ የማይዘጋው ሱቅ ይቈጠራሉ። አባትየው ራሱ ለምን እንደማይመጣ አስቀድሞ ቢነገር መልካም ነው፤ ጥያቄው አይቀርምና። የቤተ ሰቡ እውነተኛ አሳብ ልጁ እዚያው እንዲቀር ከሆነ ግን የጉብኝት ቪዛ መንገዱ አይደለም፤ ለዚያ የቤተ ሰብ ማገናኛ ሕግ አለ፤ ረጅምና ውድ ቢሆንም በስሙ የሚጠራ ነው።

በዚህ መካከል ደላላ መምጣቱ የታወቀ ነው። «እትዬ፣ እርስዎ አይድከሙ፤ ይግባኙን ለእኔ ይተዉልኝ፤ ውስጥ ሰው አለኝ» ይላል። ይግባኝ በሌለበት አገር ይግባኝ ይሸጣል፤ ይህ ገንዘብ ብቻ ያስከፍላል። የባንክ መግለጫ «ላሳምርልዎ» ሲል ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሐሰት መረጃ የተያዘ አዋቂ አመልካች በካናዳ አምስት ዓመት፣ በእንግሊዝ እስከ አሥር ዓመት ይታገዳል፤ በአሜሪካ ሕግ ልዩ ምሕረት ካላገኘ ለሁልጊዜ ነው። ለልጅ የሚደረግ አስተያየት በአንዳንዱ አገር ቢኖርም፣ ወረቀቱን ያቀረበው ወላጅ አይድንም።

ይግባኙ ወይም የአዲሱ ማመልከቻ መግለጫ ሲጻፍ ከአንድ ገጽ ተኩል አይለፍ፤ የክልከላውን ምክንያት በተራ እየጠቀሰ ለእያንዳንዱ በአባሪ ቁጥር ይመልስ። ለምሳሌ ያህል አጻጻፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በመዝገብ ቁጥር … በ… ቀን የተሰጠውና በ… ቀን የደረሰን ውሳኔ እንደ ገና እንዲታይልን በአክብሮት እናመለክታለን። አንደኛ፣ አባትና ልጅ መሆናቸው አልተረጋገጠም ስለ ተባለው፣ በአባሪ 1 የተረጋገጠ የልደት ምስክር ወረቀት፣ በአባሪ 2 ስለ ኢትዮጵያውያን ስም አጠራር መግለጫ፣ በአባሪ 3 ከ… ዓመት ጀምሮ ለልጁ የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ አቅርበናል። ሁለተኛ፣ በ… ቀን ወደ ሒሳቡ የገባው ብር … የዕቁብ ዕጣ መሆኑን በአባሪ 4 ያለው ደብዳቤ ያስረዳል። ሦስተኛ፣ ልጁ በ… ቀን ትምህርቱን እንደሚጀምር በአባሪ 5 ተረጋግጧል። ልጁ አባቱን ካየ አራት ዓመት ሆኖታል፤ አባቱ ወደ አዲስ አበባ ሊመጣ ያልቻለው … ስለ ሆነ ነው።»

ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንዳንድ ሰው መጥቀስ ይወድዳል። በ10ኛው አንቀጹ፣ ወላጆቹ በተለያዩ አገሮች የሚኖሩ ልጅ ከሁለቱም ጋራ በየጊዜው የመገናኘት መብት እንዳለው ይናገራልና ቢጠቀስ ነውር የለውም፤ አሜሪካ ግን ስምምነቱን አላጸደቀችም። በሌሎቹም አገሮች ቢሆን አንቀጹ የልደት ወረቀቱን ቦታ አይተካም።

ስለ ልጁ ራሱ ጥቂት ቃል ይቀራል። የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ከሴፕቴምበር 2 ቀን 2025 ጀምሮ 14 ዓመት ያልሞላቸውም አመልካቾች በአጠቃላይ በአካል እንዲቀርቡ አድርጓል። ልጁ ሲቀርብ የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ማንን ሊጠይቅ እንደሚሄድ፣ ስንተኛ ክፍል እንደ ሆነ ይጠየቅ ይሆናል። አንዳንድ ቤተ ሰብ ለዚህ ቀን ልጁን መልስ ያስጠናዋል፤ የተጠና ቃል ከሕፃን አፍ ሲወጣ ወዲያው ይታወቃል፤ ልጁም ቪዛው ቢከለከል ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል። የሚያውቀውን እንዲናገር፣ የማያውቀውን አላውቅም እንዲል ብቻ ይነገረው።

ቪዛው የተገኘ እንደ ሆነ ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት ወረቀቱ መነበብ አለበት። ስሙና የልደቱ ቀን፣ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀን ትክክል መሆናቸው ይታይ። የእንግሊዝ ከሆነ ልጁ ከአዋቂ ጋራ ወይም ብቻውን እንደሚጓዝ በቪዛው ላይ ይመዘገባል፤ ከአዋቂ ጋራ የሚል ከሆነ የተመለከተው የአክስቲቱ ፓስፖርት መሆኑ ይታይ፤ አክስት ታማ በእርሷ ፈንታ አጎት ይዞት ቢሄድ ልጁ ከአውሮፕላን ማረፊያ ሊመለስ ይችላልና።